ከጣውላው በፊት ሚዛኑ፦ በሐይቅ ላይ ስለማቅደው ተንሳፋፊ ቤት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ በስተቀኝ በኩል፣ ስሙም ራሱ «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅ ወለል ብሎ ሲታየው ንግግሩን ያቋርጣል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ስደርስ ዝም እላለሁ። በሙያዬ አናጢ ነኝ፤ በደሴ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠራሁ 17 ዓመት ኖሬያለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለኝን ጊዜ የሰጠሁት ለአንድ ነገር ነው፤ በዚያ ውኃ ላይ ቤተሰቤን ይዤ የማድርበት፣ በገዛ እጄ የተሠራ ተንሳፋፊ ቤት ለማቀድ። ቤቱ ገና አልተሠራም። ነገር ግን ዕቅዱን ሳወጣ የተማርኩት ነገር፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላለው ሰው ገንዘብና ድካም እንደሚያድን ስለማምን በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እንደ አናጢ ማሰቤ ነው። አናጢ ቤት ሲያስብ የሚያስበው ስለ ቁመትና ስለ ስፋት ነው፤ ክብደቱን መሬት ይሸከምለታልና ስለ ኪሎ አይጨነቅም። ውኃ ግን እንደ መሬት አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ 1000 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ በውኃ ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ነገር የራሱን ክብደት ያህል ውኃ ገፍቶ ቦታ ካላገኘ ይሰምጣል። ከዚህ የተነሣ ቁሳቁስ ከመምረጤ በፊት፣ እንዲያውም ንድፍ ከመሳሌ በፊት፣ የሚጫነውን ሁሉ በኪሎ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

የመረጥኩት መድረክ 8 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በላዩ 5 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ይቆማል። የታችኛው የብረት አጽም 400 ኪሎ ያህል ይሆናል። ወለሉን 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው የደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ብሸፍነው 600 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህ ቁጥር ሲወጣ ከሁሉ የበለጠ ያስደነገጠኝ እርሱ ነበር። ጣሪያው በቆርቆሮ 95፣ ግድግዳው በ9 ሚሊሜትር ፕላይውድ 200፣ ሞራሌው፣ በሩና መስኮቱ 150፣ አንድ 300 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ 300፣ አልጋው፣ ዕቃውና ባትሪው ሌላ 300 ኪሎ ነው። በመጨረሻም ሰው አለ። ቤተሰቤና እንግዳ ተደምሮ ስምንት ሰው ቢሆን 560 ኪሎ ይሆናል፤ የወሎ ቤት ደግሞ ያለ እንግዳ አይታቀድም። ድምሩ 2605 ኪሎ ነው። ለእርጥበት፣ ለተረሳ ነገርና ኋላ ለሚጨመር ዕቃ በላዩ 20 በመቶ ስጨምርበት 3126 ሆነ። ይህን ቁጥር በሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የማደርገው ምርጫ ሁሉ የሚመዘነው በእርሱ ነው።

ይህን ሁሉ በምን ላይ ላስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ብዙ ወራት ወስዶብኛል። ከላሜራ የተበየደ እውነተኛ የጀልባ ቀፎ አምሮኝ ነበር። ይሁን እንጂ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ አንዱ ካሬ ሜትር 31 ኪሎ ከግማሽ ያህል ይመዝናል፤ ለእኔ ልክ የሚበቃ ቀፎ ገና ቤቱ ሳይሠራበት ከ1300 ኪሎ በላይ ይሆናል። ከዚህም በላይ የብረት ቀፎ በየጥቂት ዓመቱ ከውኃ ወጥቶ ዝገቱ ተፍቆ መቀባት አለበት፤ ለዚያ የሚሆን ክሬን ደግሞ በሐይቅ ዳር አላየሁም። አሉሚኒየም ቀላልና የማይዝግ ነው፤ ነገር ግን በጋዝ የሚበየድ ስለሆነ ቢሰነጠቅብኝ በሐይቅ ከተማ ውስጥ ያለ በያጅ በኤሌክትሮድ ሊጠግንልኝ አይችልም። ፋይበር ግላስን ብዙም ሳልመረምረው ተውኩት። ለእኔ ወሳኙ መመዘኛ ይህ ነው፦ የተበላሸውን ክፍል፣ ቤቱን ከውኃ ሳላወጣ፣ በአካባቢው በሚገኝ ሰውና መሣሪያ መተካት እችላለሁ ወይ? በዚህ መመዘኛ ያሸነፈው የፕላስቲክ በርሜል ነው።

ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ባዶውን 9 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሙሉ በሙሉ ቢጠልቅ 190 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ሙሉ በሙሉ የጠለቀ በርሜል ግን ለማዕበልም ለእንግዳም የቀረው ትርፍ ስለሌለ፣ ስሌቱ መሠራት ያለበት ከይዘቱ 60 በመቶው ብቻ ውኃ ውስጥ እንዲሆን ተደርጎ ነው። በዚህ አኳኋን አንዱ በርሜል የራሱ ክብደት ተቀንሶ 110 ኪሎ ይሸከማል። በአራት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው 32 በርሜሎች 3520 ኪሎ ይይዛሉ ማለት ነው፤ ከምፈልገው 3126 ኪሎ ይበልጣል። ጋደም ብሎ የተቀመጠ በርሜል በዚህ ልክ ሲጫን 34 ሴንቲሜትር ያህል ይጠልቃል። ስለዚህ ቤቱን የማስጠጋበት ዳርቻ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ሊኖረው እንደሚገባ ከአሁኑ አውቄያለሁ።

የረድፎቹ አቀማመጥ ከቁጥራቸው ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። በርሜሎቹን እኩል በታትኖ መደርደር ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን መድረኩ ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ኃይል ረድፉ ከመሐል በራቀው ልክ በካሬ ያድጋል፤ ማለትም ሁለት እጥፍ የራቀ ረድፍ አራት እጥፍ ይረዳል። በዚህ ምክንያት ሁለቱን ረድፍ በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ ጠርዝ አድርጌ መሐሉን ክፍት ትቼዋለሁ። ስምንቱ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ቢሄድ ጠርዙ 7 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ይላል። አራቱም ረድፍ መሐል ላይ ተጠጋግተው ቢሆን ኖሮ የዚያው ሰው ክብደት ወለሉን ውኃ ሊያስነካው ይችል ነበር። ልጆች ይዞ ውኃ ላይ ለመኖር የሚያስብ ሰው ይህችን ስሌት ለነገ ሊላት አይገባም።

ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ፣ ሙሉውን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች የሙከራ መድረክ በአራት በርሜል ሠርቼ ነበር። ሁለቱ የብረት፣ ሁለቱ የፕላስቲክ ነበሩ። በቀትር ፀሐይ ክዳናቸውን አጥብቀን ዘጋን፤ አስገባናት፤ ሦስት ሰው ቆመባት፤ ምንም አላለችም። በማግስቱ ማለዳ ስመለስ ግን አንዱ ማዕዘን ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ። በርሜሉን ፈትተን ስንነቀንቀው በሆዱ ውስጥ ውኃው ከወዲያ ወዲህ ሲንቦጫረቅ ይሰማል፤ ቀዳዳ ግን የለውም። በዚያ ዳርቻ መረብ ሲያራግፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ቀረብ ብለው ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ «አብሽር ልጄ፣ በርሜልህ አልተቀደደም። ቀን ይተነፍሳል፣ ሌሊት ይጠጣል» አሉኝ። «ታዲያ አባባ፣ ምን ላድርገው?» ብላቸው፣ «አፉን ወደ ሰማይ አድርገው» ብለው ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ቤቴ ገብቼ ሳሰላው የተናገሩት ልክ ነበር። በርሜሉ ሲዘጋ በውስጡ ያለው አየር 40 ዲግሪ ቢሆንና ሌሊት ወደ 18 ዲግሪ ቢወርድ፣ አየሩ ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ይኮማተራል። በ200 ሊትር በርሜል ይህ 14 ሊትር ነው። ክዳኑ ከውኃው በታች ከሆነ ያንን ያህል ቦታ ለመሙላት ውኃው በጥርሱ በኩል ይሳባል። በማግስቱ ፀሐይ ሲያሞቀው አየሩ ይወጣል፣ ማታ እንደገና ውኃ ይገባል። አሁን ክዳኖቹ ሁሉ ከላይ፣ ከውኃው መስመር በላይ እንዲሆኑ አድርጌ ነድፌያለሁ፤ ጥርሳቸው ላይ ቴፍሎን ይጠመጠማል፤ የሚዘጉትም አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት በማለዳ ነው። የብረቶቹን በርሜሎች ከዚያ በኋላ ጨርሶ ትቻቸዋለሁ፤ ውኃና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ በሦስት ወር ውስጥ ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ ነበር። ፕላስቲኩ የሚፈራው ፀሐይን ነው፤ እርሱም ከወለሉ ሥር ጥላ ውስጥ ስለሚውል ብዙ አያሳስበኝም። በርሜል የሚገዛ ሰው ቀድሞ ምን እንደነበረበት መጠየቅ አለበት፤ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሻላል፤ ኬሚካል የነበረበትን ግን በነፃ ቢሰጡትም ወደ ሐይቅ አያምጣው።

አጽሙን በተለምዶ አርኤችኤስ በምንለው አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ለመሥራት ወስኛለሁ፤ 80 በ40 ሆኖ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር። እዚህ ላይ አንድ ያሳዘነኝን ነገር ልናገር። ለሙከራ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ቱቦ 3 ሚሊሜትር ነው ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ስንበይደው ቶሎ ቶሎ ሲቀደድ በያጁ ተጠራጠረ። 6 ሜትሩን አንድ ዘንግ ተሸክመን ጎረቤት ካለ የእህል ሚዛን ላይ ብናወጣው 32 ኪሎ ገደማ መሆን ሲገባው 24 ኪሎ ሆነ፤ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ስንለካው 2.2 ሚሊሜትር ወጣ። በመሬት ላይ ለአጥር ቢሆን ምናልባት አይታወቅም። በውኃ ላይ ግን ማዕበል ቀንና ሌሊት የሚያጥፈው ብረት ነው፤ ከውጭ ዝገት፣ ከውስጥም እርጥበት ይበላዋል፤ ከጎደለው ሩብ ጋር ብዙ የአገልግሎት ዓመት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ብረት ስትገዙ ሚዛንና ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። የቱቦዎቹን ጫፍ ሁሉ በብየዳ መድፈን፣ ብየዳው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ በዚያው ቀን አንቲረስት የተባለውን ዝገት ተከላካይ ቀለም መቀባትም የማይታለፍ ሥራ ነው።

ስለ እንጨት ብዙ ማውራት እወዳለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። ለወለል ከሁሉ የሚያስደስተኝ ዋንዛ ነበር፤ ቀላል ነው፣ አይጣመምም፣ እጅ ይወደዋል። ነገር ግን ዋንዛም ጽድም ዝግባም ሊጠበቁ የሚገባቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ ለደስታዬ ብዬ ለምሠራው ወለል እንዲቆረጡ አልፈልግም። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ነው የቀረኝ። ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅም እንደ ልቡ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የሚያሸንፈው ትዕግሥት ነው። ጣውላዎቹን በኅዳር ገዝቼ፣ ከፀሐይ ተከልለው ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ በየረድፉ መሐል እኩል ስስ ዱላ እያስገባሁ፣ ከላይ ድንጋይ ጭኜ አስቀመጥኳቸው። ጫፎቻቸውን ቀለም ቀባኋቸው፤ እንጨት ከሁሉ በላይ የሚተነፍሰው በጫፉ ነውና እዚያ ላይ ከተጣደፈ ይሰነጠቃል። ከስድስት ወር በኋላ ከ70 ጣውላ ውስጥ 11 ብቻ ነው የጣልኩት። በጥድፊያ የደረቀ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ለማገዶ ይውል ነበር።

ጣውላውን ለመቀባት በየግንብ ሥራው የለመድነው የተቃጠለ ዘይት ርካሽ ቢሆንም፣ ዝናብ ሲያጥበው ወደ ውኃው ስለሚወርድ አልነካውም። የመረጥኩት የተልባ ዘይት ነው። እንጨቱን ይመግበዋል፣ ውኃ ያንሸራትትለታል፤ በየዓመቱም ወለሉን ሳልፍቅ ደግሜ እቀባዋለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ጣውላዎቹን የማስራቸው በሚስማር ሳይሆን በቡሎን ነው፤ መሐላቸውም ግማሽ ሴንቲሜትር ክፍተት ይኖረዋል፤ ውኃ እንዲያልፍና እንጨቱ ሲያብጥ ቦታ እንዲያገኝ።

የቤቱን ቁመት ዝቅ ያደረግሁት ስለ ነፋስ ብዬ ነው። በሐይቅ ማለዳ ውኃው መስታወት ይመስላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል። በሰከንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 5 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ከፍታ ባለው ጎን ላይ የ170 ኪሎ ያህል ግፊት ያሳርፋል። ይህን ግፊት የሚይዘው ገመድና መልሕቅ ነው። ሐይቁ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ የማስረው 6 ሜትር ጥልቀት ባለው ዳርቻ አካባቢ ሆኖ፣ ገመዱ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ፣ ማለትም 30 ሜትር እንዲሆን አስቤያለሁ። አጭር ገመድ መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ረጅም ገመድ ግን አግድም ስቦ ጭቃው ውስጥ እንዲቀበር ያደርገዋል።

ከዳርቻው ጋር የሚያገናኘው መወጣጫ ደግሞ መንቀሳቀስ አለበት። ሐይቁ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገሀድ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ከፍታው የሚወሰነው በዝናብና በትነት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ሆኗል። ውኃው እንዲህ የሚሸሽ ከሆነ፣ በሲሚንቶ የተተከለ መወጣጫ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። የእኔው በማጠፊያ የታሰረ፣ ጫፉ በጎማ መንኮራኩር የሚንሸራተት ይሆናል።

መውጫ የሌለው መሆኑ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ በመጸዳጃው ጉዳይ ነው። እዚያ ውስጥ የወደቀ ነገር ወዴትም አይሄድም፤ በዚያው ይቀራል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ዓሣ ያወጣበታል፣ ከብት ያጠጣበታል፣ ልብስ ያጥብበታል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ እንኳ ከቤቴ ወደ ውኃው እንዳትወርድ ወስኛለሁ። መጸዳጃው ደረቅ ይሆናል፤ ሽንቱ በጀሪካን ተለይቶ፣ ሌላው በሳጋቱራ እየተሸፈነ፣ በየሳምንቱ ወደ መሬት ወጥቶ ከዳርቻው ርቆ ይቀበራል። ሳጋቱራ ደግሞ በእኔ ቤት ሞልቷል። የዕቃ እጣቢም በጀሪካን ይወጣል።

ጋዝ ሲሊንደሩ ውጭ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በዝግ ክፍል ውስጥ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ቡና ሳይፈላ እንግዳ አይሸኝምና ለከሰሉ ምድጃ ከላሜራ የተሠራ፣ አሸዋ የተሞላ ትሪ በበረንዳው ላይ አዘጋጅቻለሁ። ባለቤቴ ክረምት ላይ ወደ ውስጥ እንድናስገባው ጠይቃኝ ነበር፤ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላልና በዚህ ብቻ አልተስማማሁም። ከዚህ ይልቅ የበረንዳውን ጣሪያ በአንድ ሜትር አስረዝሜዋለሁ፤ 12 ኪሎ ያህል ጨምሮብኛል። ለመብራት አንድ የፀሐይ ፓነል ይበቃናል። ባትሪው ሊቲየም እንዲሆን የፈለግሁት 100 አምፒር ሰዓቱ 12 ኪሎ ያህል ስለሆነ ነው፤ ተመሳሳዩ የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ይደርሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል በወቅት ይወሰናል። የእኛ አገር በልግም ክረምትም የሚዘንብበት ስለሆነ፣ ለብየዳና ለቀለም የሚሆነው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መድረኩን 2 ሜትር በ4 ሜትር በሆኑ አራት ክፍሎች ከፍዬዋለሁ፤ እያንዳንዱ ስምንት በርሜል ይዞ ወለሉ ሳይለብስ 170 ኪሎ ያህል ይሆናል። በደሴ ተሠርቶ በአይሱዙ ይጫናል፤ ዳርቻው ላይ በቅሬያችን፣ ማለትም በመረዳጃ ማኅበራችን፣ ጎረምሶች ሸክም ይወርድና ውኃ ውስጥ በቡሎን ይገጣጠማል። አንዱ በርሜል ወይም አንዱ ክፍል ቢበላሽ እርሱ ብቻ ተፈትቶ ይወጣል። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ለገዳሙ አባቶችና ለዓሣ አስጋሪዎቹ ግን ንድፉን ይዤ የቀረብኩት ብረት ከመግዛቴ በፊት ነው። አስጋሪዎቹ ዓሣ የሚራባበትን ሸምበቆ አሳይተውኝ፣ ልቆምበት ያሰብኩትን ቦታ 200 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን አዛውሬዋለሁ።

አሁን በዚያ ቦታ ላይ በየአምስት ሴንቲሜትሩ ቀይ መስመር የተቀባች አንዲት ችካል ተክያለሁ። በየቅዳሜው እየሄድኩ ውኃው የት እንደደረሰ በደብተር እጽፋለሁ። ከመስከረም ወዲህ ሁለት መስመር ወርዷል፤ የመወጣጫውን ርዝመት የምቆርጠው ከሰኔ በፊት ያለው የመጨረሻው ልክ ሲታወቅ ነው።